ፐርሰንቱን ከማመናችን በፊት ጥያቄው ምን ይል እንደነበር እንጠይቅ

የመስክ_ሰው (ክሩን የከፈተው)

ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁም።

ሰሞኑን በየቴሌግራም ቻናሉ «ከመቶ ይህን ያህሉ ሰው እንዲህ ይላል» የሚል ነገር በዝቷል። ቁጥሩ ይለጠፋል፣ ሰዉ በኮመንት ይፋጃል። ጥያቄው ግን የትም የለም። ሰዎቹ በምን ቃል ተጠየቁ? ምን ምን ምርጫ ተሰጣቸው? ከዚያ በፊት የተጠየቁት ምን ነበር? የሚነግረን የለም።

እኔ ለዓመታት ታብሌት ይዤ ቤት ለቤት መረጃ ስሰበስብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጥያቄው አብሮት ያልተጻፈ ፐርሰንት ሲያጋጥመኝ አላምነውም። ለምን እንደሆነ በአንድ የቆየ ምሳሌ ላሳያችሁ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ዶናልድ ራግ የተባለ አሜሪካዊ 1941 ላይ ያሳተመው ውጤት ነው። ለአንደኛው ቡድን «ዩናይትድ ስቴትስ ዴሞክራሲን የሚቃወሙ የአደባባይ ንግግሮችን መፍቀድ አለባት ብለው ያስባሉ?» የሚል ጥያቄ ቀረበ። ለሁለተኛው ቡድን «መፍቀድ» የሚለው ወጥቶ «መከልከል» ገባ። ሌላው እንዳለ ነው። 62 ከመቶው «መፍቀድ የለባትም» አለ። «መከልከል አለባት» ያለው ግን 46 ከመቶ ነው።

እስቲ አስቡት። አለመፍቀድና መከልከል በተግባር አንድ ናቸው። ንግግሩ አይካሄድም፣ አለቀ። ሰው ግን «ይከልከል» ለማለት አፉ ይከብደዋል፣ «አይፈቀድ» ማለት ይቀለዋል። በአንድ ቃል ብቻ 16 ነጥብ ተንሸራተተ። ጋዜጣው የመጀመሪያውን ቢይዝ «አብዛኛው ሕዝብ» ብሎ ይጽፋል፣ ሁለተኛውን ቢይዝ «ከግማሽ በታች» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም።

እናንተ ምን አጋጥሟችኋል? መጠይቅ የሠራችሁም የሞላችሁም ጻፉ።

---

ናርዶስ_ኤም

የመስክ ሰው፣ ደግ ጊዜ ላይ ነው ያነሳኸው። ለመመረቂያ ጽሑፌ መጠይቅ እያዘጋጀሁ ነው። ርዕሱ የእርጉዝ እናቶች አመጋገብና በጤና ጣቢያ የሚያገኙት ክትትል ነው። አድቫይዘሬ ከማየቱ በፊት እናንተ ብታዩልኝ ደስ ይለኛል። የምጠራጠርባቸውን ልለጥፍ፦

«የጤና ጣቢያው ሠራተኞች ደግና ፈጣን አገልግሎት ይሰጣሉ በሚለው ይስማማሉ?» (አዎ / አይ)

«ባለፉት 12 ወራት ሕክምና ፈልገው ሳያገኙ የቀሩበት ጊዜ የለም?» (አዎ / አይ)

«ባለፉት 24 ሰዓታት ሥጋ፣ ወተት ወይም እንቁላል በልተዋል?» (አዎ / አይ)

ሳትሳሱ አስተያየት ስጡኝ።

---

ጡረተኛው

ልጄ ናርዶስ፣ ቀድመሽ መጠየቅሽ ትልቅ ነገር ነው። ብዙው ተማሪ ዳታውን ሰብስቦ ከጨረሰ በኋላ ነው የሚመጣው።

የመጀመሪያው ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ነገር ይጠይቃል። ነርሷ ደግ ሆና ወረፋው ግማሽ ቀን ቢፈጅ እናቲቱ ምን ትበል? «አዎ» ብትል ስለ ደግነቱ ነው፣ «አይ» ብትል ስለ ወረፋው። አንቺ ደግሞ የቱ እንደሆነ አታውቂም። ለይተሽ ጠይቂ።

ሁለተኛው ይብሳል። «የለም?» ብለሽ ጠይቀሽ «አዎ» ቢሉሽ ምን ልትሞዪ ነው? «አዎ፣ የለም» ማለታቸው ነው ወይስ «አዎ፣ አለ»? ፊት ለፊት ስናወራ በድምፅና በፊት እንግባባለን። ወረቀት ላይ ግን አንዱ መረጃ ሰብሳቢ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ የፈለገው ሶፍትዌር አያስተካክለውም።

ቀላል ጉዳይ እንዳይመስልሽ። በ1992 ሮፐር የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ለአሜሪካ የአይሁድ ኮሚቴ ጥናት ሠራ። ጥያቄው በግርድፉ «ናዚዎች አይሁዶችን መፍጀታቸው ጭራሽ ያልተፈጸመ ነገር ሊሆን የሚችል ይመስልዎታል ወይስ ሊሆን የማይችል?» የሚል ነበር። 22 ከመቶው «ሊሆን ይችላል» አለ። በማግስቱ ዓመት ውጤቱ ሲወጣ አገር ተደናገጠ። ከአምስት አሜሪካዊ አንዱ ጭፍጨፋውን ይጠራጠራል ተባለ። ከዘመዶቹ የሞቱበት ሰው ያን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው አስቢ። በ1994 ያንኑ ነገር ሁለቱን አሉታ አውጥተው በቀጥታ ሲጠይቁ ቁጥሩ ወደ 1 ከመቶ ገደማ ወረደ። ሕዝቡ ያው ሕዝብ ነው። ያሳሳተው ዓረፍተ ነገሩ ነበር።

ሦስተኛውን ጥያቄሽን የመስክ ሰው ቢመልሰው ይሻላል፣ ለኩሽና የሚቀርበው እሱ ነው።

---

አስኳላ

ጋሼ፣ ያልከው ትክክል ነው። ግን የተወላገደ ጥያቄ የተወላገደ መልስ ማምጣቱ ማንም የሚያውቀው ነው። አስተያየት ሲሆንም ይገባኛል፣ አስተያየት ይለዋወጣል። ተጨባጭ ነገር ላይ ግን የቃል አመራረጥ ይህን ያህል የሚያመጣው ነገር ያለ አይመስለኝም። «በቀን ስንት ሰዓት ቲቪ ታያለህ?» ብትለኝ የማየውን እነግርሃለሁ። እንዴትም ብትጠይቀኝ ያው ነው።

---

አዜብ_ፍራንክፈርት

አስኳላ፣ የሚገርምህ፣ በትክክል ይህንኑ እዚህ ጀርመን አገር ፈትነውታል። ኖርበርት ሽዋርትዝና ባልደረቦቹ ናቸው፣ 1985 ላይ ታትሟል። ጥያቄው አንድ ዓይነት ነው፣ በቀን ስንት ሰዓት ቴሌቪዥን ያያሉ የሚል። የተለየው የመልስ ምርጫው ብቻ ነው።

ለአንዱ ቡድን ምርጫው «እስከ ግማሽ ሰዓት» ብሎ ይጀምርና «ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ» ላይ ያበቃል። ለሌላው «እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል» ብሎ ጀምሮ «ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ» ድረስ ይሄዳል። ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ አያለሁ ያለው በመጀመሪያው 16.2 ከመቶ፣ በሁለተኛው 37.5 ከመቶ ሆነ።

ለምን መሰለህ? ማናችንም የምናየውን ሰዓት መዝግበን አንይዝም፣ ስንጠየቅ ነው የምንገምተው። ስንገምት ደግሞ ምርጫዎቹን እናያለን። መሀል ላይ ያለው «የመደበኛ ሰው» ይመስለናል። ጫፍ ላይ ያለውን መምረጥ ያሳፍራል። ወረቀቱ ራሱ «ሰው ይህን ያህል ነው የሚያየው» ብሎ ሹክ ይለናል ማለት ነው።

አሁን ይህንን ወደ «በሳምንት ስንት ጊዜ ይጠጣሉ?» ወይም «ጫት ስንት ጊዜ ይቅማሉ?» ውሰደው። እኔ ብሆን መጀመሪያ ክፍት አድርጌ ነው የምጠይቀው። ቁጥሩን ራሱ ይንገረኝ፣ ምርጫ አላሳየውም።

---

አስኳላ

አዜብ፣ ይህን አላውቅም ነበር። ከእጥፍ በላይ ነው እኮ! አመሰግናለሁ።

---

ከሲልቨር_ስፕሪንግ

እኔ ደግሞ ከዚህ ከአሜሪካ አንድ ልጨምር። ጥር 2003፣ የኢራቅ ጦርነት ሊጀመር ሲል፣ ፒው የምርምር ማዕከል ሳዳም ሁሴንን ከሥልጣን ለማውረድ ወታደራዊ እርምጃ መውሰድን ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ ብሎ ጠየቀ። 68 ከመቶው ደገፈ፣ 25ቱ ተቃወመ። ያንኑ ጥያቄ ደግሞ «በሺዎች የሚቆጠሩ የአሜሪካ ወታደሮች ሊሞቱ ወይም ሊቆስሉ ቢችሉም እንኳ» የሚል ሐረግ ጨምሮ ጠየቀ። ደጋፊው 43 ከመቶ ሆነ፣ ተቃዋሚው 48።

ብዙ ጊዜ ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ትክክለኛው የቱ ነው?» ይላል። በእኔ እምነት ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሰውየው ሳዳም እንዲወርድ ይፈልጋል፣ የጎረቤቱ ልጅ በሬሳ ሣጥን እንዲመጣ ግን አይፈልግም። ሁለቱም ልቡ ውስጥ አሉ። ጥያቄው የትኛውን እንደሚቀሰቅስ ነው ጉዳዩ። ችግር የሚመጣው አንዱን ብቻ ወስዶ «ሕዝቡ ጦርነቱን ይፈልጋል» ብሎ ያወጀ ባለሥልጣን ሲኖር ነው። ያኔ የሚከፈለው በሰው ሕይወት ነው።

---

የመስክ_ሰው

ግሩም ነው፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወደ አገራችን ልመልሳችሁ።

እኛ ጋ ከቃሉ በፊት የሚመጣ ነገር አለ፣ ይሉኝታ። ቤት አንኳኩተህ ትገባለህ። እማማ በርጩማ ያወጡልሃል። ረከቦቱ ይቀርባል። መጠይቁ «አጠቃላይ ጤንነትዎ እንዴት ነው? በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ፣ መጥፎ» ይላል። እማማ «ተመስገን ነው ልጄ» ይሉሃል። የትኛው ሳጥን ውስጥ ልትከተው ነው? ቸኩለህ «ጥሩ» ብለህ ታልፋለህ። ትንሽ ቆይተህ «ባለፉት አራት ሳምንታት ከአልጋ ያልተነሱበት ቀን ነበር?» ስትላቸው ወገባቸው ይዟቸው ሰንብቶ ገና ትናንት መነሳታቸውን ያወሩሃል። እማማ አልዋሹም። ሰላምታ መሰላቸውና ሰላምታውን መለሱ። እግዜርን ማማረር ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ጤንነትን በጥቅሉ አትጠይቁ። ምን መሥራት እንዳቃታቸው ጠይቁ። ውኃ መቅዳት፣ እንጀራ መጋገር፣ ዳገት መውጣት።

በደልን ስንጠይቅማ የበለጠ ነው። «ባልሽ ጥቃት አድርሶብሽ ያውቃል?» ብትላት «ኧረ በፍጹም» ትልሃለች። «ጥቃት» የሬዲዮ ቃል ነው። እሷ የደረሰባትን በዚያ ስም አትጠራውም። የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የሠራው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የቤት ውስጥ ጥቃትን አካትቶ ነበር። እዚያ ጥያቄው እንዲህ በጥቅሉ አይደለም የሚመጣው። ድርጊት በድርጊት ነው። ገፍትሮሽ ያውቃል? በጥፊ መትቶሽ ያውቃል? እጅሽን ጠምዝዞ ወይም ፀጉርሽን ጎትቶ ያውቃል? በቡጢስ? እያንዳንዱ ለብቻው ነው። ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ትመረጣለች። ሌላ ሰው የማይሰማበት ቦታ ካልተገኘ ያ ክፍል አይጠየቅም። ይህን ያዘጋጁ ሰዎች ሥራቸውን የሚያውቁ ናቸው፣ አከብራቸዋለሁ።

ከዚያው ጥናት ግን ሁሌ የሚያንገበግበኝ አንድ ቁጥር አለ። «63 ከመቶ የኢትዮጵያ ሴቶች ባል ሚስቱን መምታቱ ተገቢ ነው ይላሉ» እየተባለ ይጠቀሳል። ጥያቄው የሚያቀርበው አምስት ሁኔታዎችን ነው። ምግብ ካሳረረች፣ ከተከራከረችው፣ ሳትነግረው ከወጣች፣ ልጆቹን ችላ ካለች፣ አብራው ለመተኛት እምቢ ካለች። 63 ከመቶው ከአምስቱ ቢያንስ በአንዱ «አዎ» ያሉት ናቸው። «በአንዱ» የምትለዋ ዜናው ውስጥ የለችም። ደግሞስ አንዲት ሴት ስትመልስ የራሷን እምነት ነው የምትናገረው ወይስ የአገሩን ደንብ? ጥያቄው «በእርስዎ አስተያየት» ይላል። ግን መስክ ላይ ብዙዎቹ «እኛ አገር እንዲህ ነው» ብለው ሲመልሱ ሰምቻለሁ።

---

የማርቆስ_ልጅ

የመስክ ሰው፣ ስለ ጥያቄው ያልከው ይገባኛል። ግን እባክህ ቁጥሩን በማብራሪያ አታጥፋው። እኔ የተወለድኩበት ሰፈር «ካልመታኝ ምኑን ወደደኝ» የሚሉ ሴቶች ነበሩ። እናቴም ታምንበት ነበር። አልተሳሳቱም ጥያቄውን፣ ገብቷቸዋል። አንድ ሁኔታም ቢሆን «አዎ» ማለት ቀላል አይደለም። ወጥ ስላረረ በትር ይገባታል ማለት እኮ ነው!

እኔን የበለጠ የሚያጠራጥረኝ የወንዶቹ ነው። በዚያው ጥናት ወንዶቹ 28 ከመቶ ብቻ ናቸው «ተገቢ ነው» ያሉት። የተማረ የሚመስል ሰው ታብሌት ይዞ መጥቶ ሲጠይቀው ወንዱ ምን ማለት እንዳለበት ያውቃል። ስልጠናውንም፣ ስብሰባውንም፣ ሬዲዮውንም እሱ ነው የሚሰማው። ሴቲቱ የምታምነውን ተናገረች፣ ወንዱ የሚጠበቅበትን ተናገረ። እኔ እንዲህ ነው የማነበው።

---

ጡረተኛው

እህቴ፣ ጥሩ አድርገሽ ነው የተናገርሽው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ጥያቄው ጉድለት አለው እንበል። ግን በየዙሩ ያንኑ ቃል ይዞ ነው የሄደው። በ2011 ሴቶቹ 68 ከመቶ ነበሩ፣ በ2016 ወደ 63 ወረደ። ወንዶቹ ከ45 ወደ 28። ደረጃው ቢያጠራጥርሽም አካሄዱን ማየት ትችያለሽ፣ መለኪያው አልተነካምና። አሁን አንዱ ጎበዝ መጥቶ ጥያቄውን «ላሻሽለው» ቢል ከቀደሙት ጋር ማነጻጸር አበቃ። ስለዚህ ጥያቄ ማረም የሚሻለው ከመጀመሩ በፊት ነው። ከተጀመረ በኋላ አሮጌውን ሳትነኩ አዲሱን ለግማሹ ናሙና ጎን ለጎን መጠየቅ ነው የሚሻለው። የራግ ዘዴም ይኸው ነው።

---

አስኳላ

ናርዶስ የመጀመሪያው ላይ «በሚለው ይስማማሉ?» ብላለች። እሱስ ችግር የለውም? በየመጠይቁ «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ» እያየን ነው ያደግነው።

---

ከሲልቨር_ስፕሪንግ

አለው። ሰው መስማማት ይቀለዋል፣ በተለይ እንግዳ ሲጠይቀው። ለ2014ቱ የስኮትላንድ ሕዝበ ውሳኔ መጀመሪያ የቀረበው ጥያቄ «ስኮትላንድ ነጻ አገር መሆን አለባት በሚለው ይስማማሉ?» የሚል ነበር። የብሪታንያ የምርጫ ኮሚሽን በሰው ላይ ሞክሮት «ይስማማሉ» የሚለው ወደ አዎንታ ይገፋል ብሎ እንዲወጣ መከረ። የቀረበው «ስኮትላንድ ነጻ አገር መሆን አለባት?» ሆነ። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ አትውጣ የተባለበት የብሬግዚቱም እንዲሁ ነው። ስለ መቆየት ብቻ «አዎ / አይ» ይል የነበረው ጥያቄ «ትቆይ ወይስ ትውጣ» በሚል ተቀየረ።

በአፍሪካ አገሮች የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው አፍሮባሮሜትር ደግሞ በብዙ ጥያቄዎቹ ሁለት ተቃራኒ ዓረፍተ ነገር አንብቦ «ለእርስዎ ሐሳብ የሚቀርበው የቱ ነው?» ይላል። ሁለቱም ክብር ያለው ሰው ሊናገረው የሚችል ሆኖ ነው የሚጻፈው። መጨረሻ ላይ «ማን የላከን ይመስልዎታል?» ብሎም ይጠይቃል። ብዙ ሰው «መንግሥት» ይላል። ያንን አለማወቅ ለአገራችን መጠይቅ ትልቅ ጉድለት ነው።

---

ቡና_ሰዓት

«አላውቅም» የሚል ምርጫ ጨምሪ ናርዶስ። አሜሪካ ውስጥ «የ1975 የሕዝብ ጉዳዮች አዋጅ» ስለሚባል አዋጅ ሰው አስተያየት ተጠይቆ ሲሶው ገደማ ደገፈ ወይም ተቃወመ። አዋጁ የለም። ተመራማሪዎቹ የፈጠሩት ነው።

---

ናርዶስ_ኤም

ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። እንዲህ አድርጌ አስተካክዬዋለሁ፣ እዩልኝ፦

«ለመጨረሻ ጊዜ ለክትትል ጤና ጣቢያ በሄዱበት ቀን፣ ከደረሱ በኋላ ባለሙያ እስኪያይዎ ምን ያህል ጊዜ ጠበቁ?» (ክፍት፣ አላስታውስም)

«በዚያን ቀን ያየችዎት ወይም ያየዎት ባለሙያ ለጥያቄዎ መልስ ሰጥታለች/ሰጥቷል ወይስ አልሰጠችም/አልሰጠም? ወይስ የጠየቁት ነገር አልነበረም?»

«ከባለፈው መስከረም ወዲህ ታመው ወይም ለክትትል ጤና ጣቢያ መሄድ ፈልገው የቀሩበት ጊዜ አለ?» (አለ / የለም / አላስታውስም)

የቀረኝ የምግቡ ነው። መስክ የምወጣው ዐቢይ ጾም ሳይገባ ነው፣ ግን ረቡዕና ዓርብ አለ። እርጉዝ ብትሆንም የምትጾም ብዙ ናት። ዓርብ የጠየቅኳትና ማክሰኞ የጠየቅኳት እናት እኩል ሊሆኑ ነው?

---

የመስክ_ሰው

በጣም ተሻሽሏል። «ያለፉት 12 ወራት» ወጥቶ «ከመስከረም ወዲህ» መግባቱ ደስ ብሎኛል። ሰው በአዲስ ዓመት፣ በጥምቀት፣ በፋሲካ ነው የሚያስታውሰው። ግን ልብ በይ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ከጠየቅሽ 12 ወር አይሞላም። ጽሑፍሽ ላይ ስንት ወር እንደሆነ በግልጽ አስፍሪ።

ምግቡ ላይ «ሥጋ፣ ወተት ወይም እንቁላል» ብለሽ በአንድ አትጠቅልይ። ጋሼ እንዳሉት ሦስት ጥያቄ በአንድ ነው። ለሴቶች የሚሠራበት መለኪያ አሥር የምግብ ምድቦች አሉት፣ ከአሥሩ አምስትና ከዚያ በላይ የበላች ሴት ናት በቂ ስብጥር አግኝታለች የምትባለው። «24 ሰዓት» ማለትም ያደናግራል። «ትናንት ጠዋት ከተነሱ ጀምሮ እስከ ዛሬ ጠዋት የበሉትንና የጠጡትን በተራ ይንገሩኝ» በያት። ቁርስ፣ ምሳ፣ መክሰስ፣ እራት እያልሽ ተከተያት። የበላችው ሽሮ ከሆነ «ሽሮው ምን ምን ነበረበት?» በያት፤ ቅቤ ወይስ ዘይት? ጎመን አብሮ ነበር? ከዚያ አንቺ ራስሽ ምድቡ ላይ ምልክት ታደርጊያለሽ።

ጾሙን ደግሞ ለብቻው ጠይቂ፣ «ትናንት ይጾሙ ነበር?» ብለሽ። ሐሙስ የምትጠይቂያት እናት ስለ ረቡዕ፣ ቅዳሜ የምትጠይቂያት ስለ ዓርብ ነው የምትነግርሽ። ስለዚህ ቃለ መጠይቁ የተደረገበትን የሳምንቱን ቀንም መዝግቢ። ስትተነትኚ የጦመችውን ያጣችው አስመስለሽ እንዳትጽፊ ይጠብቅሻል። ምግብ እያላት የተወችና ምግብ ያጣች አንድ ሳጥን ውስጥ መግባት የለባቸውም።

---

ናርዶስ_ኤም

ገባኝ። የጾሙን ጥያቄ ከምግቡ በፊት ላድርገው ወይስ በኋላ?

---

ጡረተኛው

በኋላ ልጄ። አስቀድመሽ «ይጾሙ ነበር?» ብለሽ «አዎ» ካለችሽ፣ ሕመም አስገድዷት ወተት ጠጥታ ቢሆን እንኳ ከዚያ በኋላ አትነግርሽም፤ ያፍራታል። መጀመሪያ የበላችውን ሁሉ ትቁጠርልሽ። ከዚያ ስለ ጾሙ ትጠይቂያታለሽ።

መስክ ከመውጣትሽም በፊት በናሙናሽ የማይገቡ ጥቂት እናቶች ጋ ቁጭ በይ። ጥያቄውን አንብቢላቸውና ከመለሱ በኋላ «ይህን ስጠይቅዎ ምን ብለው ተረዱት?» በያቸው። በሌላ አነጋገር መልሰው ይንገሩሽ። አንቺ ካሰብሽው ውጭ የተረዱት ካለ ያንን ጥያቄ ቀይሪ፣ እነሱን ለማስረዳት አትሞክሪ። የመጨረሻውን መጠይቅ ደግሞ ቃል በቃል ከጽሑፍሽ ኋላ በአባሪነት አያይዢው።